ከጽጌረዳው ጀርባ

ጽጌረዳ ማንሳት የጀመርኩት ጽጌረዳ ወድጄ አይደለም። እናቴን ለማንሳት ነው። አሁን እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ሰሞን ለማንም አልተናገርኩትም። ምን እያደረግሽ ነው ያለኝን ሁሉ አበባ ማንሳት እየተለማመድኩ ነው እለው ነበር። ውሸት ስናገር እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አልረጋ አለኝ።

እናቴ ፎቶ አትነሳም። ስልክ ከፍ ሲል ካየች ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ትስባለች። ሠርግ ላይ ቤተሰብ ተሰብሰቡ ሲባል ድንገት ጓዳ ውስጥ ሥራ ይገኝላታል። በአክስቴ ልጅ የሠርግ አልበም ውስጥ እናቴ ያለችው አንድ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እጇ ነው፣ ትሪ ይዞ በበር ሲገባ። የእሷ እጅ መሆኑን የማውቀው በአውራ ጣቷ ጠባሳ ነው። ጠባሳውን ያተረፈችው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ በነበራት ሱቅ ውስጥ የስኳር ጆንያ ስትቀድ ነው። አዲሱን መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ እንኳ ግማሽ ቀን ተሰልፋ፣ ወረፋዋ ሲደርስ ፎቶ እንደሚያነሷት ስታውቅ ትታ ተመለሰች። ጫማዬ ጠብቦኝ ነው አለችን።

ጥቅምት ላይ ሐኪሙ፣ ያ ስንት ዓመት አንገቷ ላይ ይዛው የኖረችው እንቅርት መውጣት አለበት አለ። እስከዚያ ድረስ እንቅርቱ በቤታችን ማንም የማያነሳው ነገር ነበር። እሷ በነጠላዋ ትሸፍነዋለች፣ እኛ አናየውም፣ አለቀ። አሁን ግን ወደ ውስጥ እያደገ የመተንፈሻ ቱቦዋን መግፋት ጀምሯል፤ ጋደም ስትል ትንፋሿ ያፏጫል። ቀዶ ጥገናው ለኅዳር መጨረሻ ተቀጠረ። ሐኪሙ የተለመደ ሥራ መሆኑን፣ ብዙ ሰው በደህና እንደሚወጣ ረጋ ብሎ አስረዳን። እናቴ አመስግናው ወጣች። እኔ ግን ከተናገረው ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው «ብዙ ሰው» የሚለው ነው። ሁሉም ሰው አላለም።

አምስት ሳምንት ነበረኝ። ከዚያ ቀን በፊት አንድ ጥርት ያለ የእናቴ ፎቶ በእጄ እንዲገባ ፈለግሁ። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህ ፍላጎት ከየት እንደመጣብኝ እንዲገባችሁ ሥራዬን ማወቅ አለባችሁ። ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ የምረቃ ፎቶ አሳድጋለሁ፤ ከሁሉ የሚበዛው ግን የለቅሶ ፎቶ ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፤ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል፤ አስከሬኑ ሲወጣም ከፊት ከፊት የሚያዘው እሱ ነው። ስለዚህ በጠዋት ከዘመዶቹ አንዱ ዓይኑ አብጦ እየሮጠ ይመጣል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው ይለኛል። ይዞት የሚመጣው ብዙ ጊዜ መታወቂያ ነው፣ ወይም ከሃያ ሰው መሃል ተቆርጦ የሚወጣ የሠርግ ፎቶ። ያቺን የጥፍር ያህል ፊት አርባ በስልሳ ሴንቲ አድርጊልኝ ይላል። ፎቶ ሲያድግ ግን የሌለውን አያመጣም። ዓይኑ ይደበዝዛል፣ ከንፈሩ ይጠፋል፤ እኔም ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሬ ለማላውቀው ሰው ዓይንና ከንፈር እሠራለሁ።

የአባቴም እንዲሁ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲያርፍ ቤት ውስጥ የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ብቻ ነው። ያን ጊዜ እኔ ሥራውን አላውቀውም። ያሳደገልን ሰውዬ እንዳለ አሳደገው፤ ጉንጩ ላይ ያረፈው የማኅተም ጠርዝም አብሮ አደገ። ከጆሮው እስከ አገጩ የሚወርድ ሐምራዊ ቅስት ሆነ። እስካሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ዛሬ ቢሆን በአሥር ደቂቃ አጠፋለት ነበር፤ ላስተካክለው ባልኩ ቁጥር ግን እናቴ ተይው ትለኛለች። የእሷም አሮጌ መታወቂያ መሳቢያ ውስጥ አለ። ማኅተሙ የእሷን ግንባር ነው ያገኘው።

እናቴ ሱቁን ካከራየች ወዲህ ሥራዋ አበባ ነው። ግቢያችን ጠባብ ናት፤ አንድ ቧንቧ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦ፣ ከኋላ የቆርቆሮ አጥር። በአጥሩ ሥር በተቆረጡ የዘይት ጀሪካኖችና በአንድ አሮጌ ባኞ ውስጥ ጽጌረዳ ተክላለች። ባኞው ውስጥ ያለው ትልቁ ነው፤ አበባው ጥቁር ቀይ ነው። ቅርንጫፉን የሰጧት ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ሱቅ ለሱቅ ጎን ለጎን የነገዱ፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛዋ። ከዚህ ጽጌረዳ ያልተቆረጠለት የሰፈር ሰው የለም። እናቴ ራሷ አትነሳም እንጂ ጽጌረዳዋ ፎቶ ሲነሳ ደስታዋን አትችለውም። አንድ ቀን በስልኬ ሳነሳው ከኋላው መጥታ ቅርንጫፉን ደገፈችልኝ፤ አቧራውን እፍ አለች፤ ቀና አደረገችው። ፎቶው ውስጥ መግባቷን አላወቀችም። ያን ጊዜ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ።

የፎቶ ቤቱ ባለቤት የማንጠቀምበትን አንድ ካሜራ ቤት እንድወስድ ፈቀደልኝ። መጀመሪያ ጥርጣሬ እንዳይገባት ብዬ እውነትም አበባ አነሳሁ። ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አበባ አይጨፍን፣ አፍሮ አይሸሽ። ነገር ግን ሌንስ በጣም ሲጠጋ የሚያጠራው ስፋት ከጥፍር አይበልጥም። በካሜራው መስኮት ውስጥ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ሳጥን አለች፤ ፎከሱ እሷ ያረፈችበት ላይ ነው፣ ቀሪው ይደበዝዛል። ሳጥኗን የፊተኛው ቅጠል ጠርዝ ላይ ሳሳርፋት የመሃሉ ጥቅልል ይጠፋል። መሃሉን ስይዝ ጠርዙ ይቀልጣል። የጤዛዋን ጠብታ ስይዝ ጠብታዋ ብቻዋን ቀረች፤ ምን ላይ እንዳለች እንኳ አይታወቅም። የቱን ልያዝ? ሳጥኗን ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሠላሳ ጊዜ አነሳሁ። አንዱም አልጣመኝም። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተንበረከክሁ፤ ሱሪዬ ጭቃ ሆነ።

እናቴ ስታየኝ ቆይታ አበባ የሚታየው ከላይ እንዳልሆነ ነገረችኝ። እሷ ጠዋት ስትወጣ የተከፈተውን አበባ ዞር ብላ አታየውም፤ ጎንበስ ብላ አንገቱን ነው የምታየው፤ አበባው ከግንዱ የሚገናኝባትን ያቺን አረንጓዴ እብጠት። ተባዮቹ መጀመሪያ የሚሰፍሩት እዚያ ነው፤ ከቅጠሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ስላላቸው ካልተጠጉ አይታዩም። አንገቱ ንጹሕ ከሆነ አበባው ሳምንት ይቆያል። ተባይ ከያዘው ግን ላዩ ምንም ቢያምር በሦስት ቀን ውስጥ ዘንበል ይላል። «ላዩንማ ማንም ያየዋል» አለችኝ። ይህን ስትል እጇ ነጠላዋ ላይ ነበር፣ የራሷን አንገት ሸፍና። እኔም ፎቶ የማትነሳው በእንቅርቱ አፍራ ነው ብዬ ደመደምኩ። እስከዛሬ እንዴት አልገባኝም አልኩ፤ አንጀቴን በላችኝ።

መላ ዘየድኩ። ከአበባው ጀርባ ትቆማለች፤ አበባው አንገቷን ይሸፍንላታል። እኔ ሳጥኗን ከአበባው ላይ አንስቼ ፊቷ ላይ አሳርፋለሁ። እሷ አበባ የተነሳ ይመስላታል፣ እኔ ፎቶዬን አገኛለሁ። እንዲህ ያለ ብልህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ነው ራሴን መጠርጠር የነበረብኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ተሳካልኝ። ፀሐይ ከአጥሩ በላይ ብቅ ስትል ያለው ብርሃን ለአንድ ሰዓት ያህል ለስላሳ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቆርቆሮው ነጸብራቅ ሁሉን ነገር ያነጣዋል። እናቴ ቅርንጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ዓይኗ ጀሪካኖቹ ላይ ነው። ሳጥኗን አንሸራተትኳት። ተነፈስኩ፣ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ አየሁት። አበባው ከፊት ቀይ ደመና ሆኗል፤ ከኋላው የእናቴ ፊት አለ፤ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከንፈሯ ገርበብ ብሎ አንድ ነገር ልትል ነው። አንገቷ አይታይም። አርባ በስልሳ ቢያድግ እንኳ አይደበዝዝም አልኩ በሆዴ። ለምን አርባ በስልሳ እንዳልኩ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

አሳይኝ አለች። ቆይ ብል እጄን ገፋ አድርጋ አየችው።

«አበባዬን አበላሸሽው» አለች።

ካሜራው አሮጌ ነው፣ አንዳንዴ ፎከሱ አልፎ ይሄዳል አልኳት። እንዳጠፋው ነገረችኝ። ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ ልየው ብዬ ለማዘግየት ሞከርኩ፤ እሷ ግን አጠገቤ ቆማ ጣቴን ትመለከታለች። አጠፋሁት። ያን ቀን ከሰዓት ሥራ ስገባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ራሴን ስረግም፣ ወረፋዬ ደርሶ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ በትከሻዋ እስክትገፋኝ ድረስ አላወቅኩም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሳምንታት ቁጭ ብድግ ነበሩ። በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዴ በፊት ካሜራውን ይዤ ባኞው ዙሪያ እዞራለሁ። እናቴም ነቅታለች፤ ቅርንጫፉን የምትይዝልኝ አሁን ከጎን ሆና፣ በተዘረጋ እጇ ነው። የሌንሱን ቀዳዳ አጥብቤ ሁለቱንም በአንድ ላይ ለማጥራት ሞከርኩ። ቀዳዳው ሲጠብ ካሜራው ብርሃን እስኪያገኝ ድረስ ትንሽ መጠበቅ አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚያነሳው ሰው እጅ መርጋት አለበት። የኔ አይረጋም። አበባውም እናቴም የቆርቆሮው አጥርም ሁሉም እኩል ተንቀጥቅጠው ወጡ። ስለዚህ አሁንም ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ አበባውን ስመርጥ እናቴ ትጠፋለች፣ እናቴን ስመርጥ አጥፊው ትለኛለች። ኮምፒውተሬ በጽጌረዳ ተሞላ። በአንዱ ጥግ ላይ የነጠላ ጥለት፣ በሌላው ክርን፣ በሌላው የደበዘዘ ጆሮ።

ሥራ ቦታም አላረፍኩም። ደንበኛ እያናገረኝ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነው፤ ስልኬ ሲጮህ የያዝኩትን ጥዬ አነሳለሁ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ጎልማሳ ሰውዬ የእናቱን መታወቂያ ይዞ መጣ። ፎቶው ውስጥ ዓይኗ ግማሽ ተጨፍኗል። ዓይኗን ትንሽ ክፈችልኝ ብሎ ለመነኝ። ከሌላ ሴት ፎቶ ላይ ዓይን ወስጄ ገጠምኩላት፤ ቅንድቧን አስተካከልኩ፤ ብርሃን ጨመርኩላት። ስጨርስ ሰውዬው አጠገቤ ቆሞ ብዙ ጊዜ አየው።

«ትመስላለች» አለ።

ናት አላለም። አመስግኖኝ ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ እናቴ ጋ ደወልኩ፤ ምን ሆነሽ አለችኝ፤ ቲማቲም ልግዛ ወይ ብዬ ነው አልኳት። ቲማቲም አለን አለች።

ሲጨንቀኝ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። እማማ፣ እርስዎን ትሰማለች፣ አንድ ፎቶ እንድትነሳልኝ ይለምኑልኝ አልኳቸው። እሳቸው ዘንድ ለቅሶ ላይ ፎቶ ስለማይወጣ ጭንቀቴ ብዙም አልገባቸውም። ለምን እንደማትነሳ ጠየቁኝ። በአንገቷ አፍራ ነው አልኳቸው። እሷ ነች እንዲህ ያለችሽ አሉኝ። አላለችኝም አልኩ። እንግዲያ ጠይቂያታ አሉና ወደ ልብሳቸው ተመለሱ፤ እያጠቡ ነበር። ከዚህ የበለጠ ቀላል ነገር አልነበረም። አልጠየቅኳትም። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ወይም መልሱን ፈርቼዋለሁ፤ እስካሁን የቱ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም።

ቀጠሮው ሰኞ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ባኞው ላይ አምስት አበባ ተከፍቶ፣ አምስት ስድስት እንቡጥ ቀርቶት ነበር፤ አርብ ጠዋት ቆጥሬያቸዋለሁ። የት እንደማቆማት፣ እኔ የት እንደምንበረከክ፣ ምን ብዬ ወደ ብርሃኑ እንደማዞራት ሁሉን በሐሳቤ ሠርቼ ጨርሼ ተኛሁ። ማለዳ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ግቢ ወጣሁ።

እናቴ ቧንቧው ጋ መቀስ እያጠበች ነበር። ጽጌረዳዎቹ የሉም። ሁሉንም ከጉልበት በታች ቆርጣቸዋለች፤ ባኞው ውስጥ የቀረው ስድስት ሰባት እሾሃማ ጉቶ ነው። አበባውም እንቡጡም ቅጠሉም በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ታጭቆ በር ላይ ቆሟል።

ለምን ብዬ ጮህኩ፤ ከአጥሩ ወዲያ እንደሚሰማ እያወቅኩ። እሷ ተረጋግታ፣ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጎንበስ አትበይ ስላላት ለሳምንታት ተባይ የሚያይላቸው እንደሌለ፣ ተቆርጠው ቢያርፉ እንደሚሻል፣ መቆረጫቸውም ቢሆን እንደደረሰ ነገረችኝ። እኔ ፎቶ ማንሳቴን አልጨረስኩም እኮ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። መቀሱን በቀሚሷ አደረቀችው። «አንቺ የምታነሺው አበባ አይደለም። የለቅሶዬን ፎቶ ነው።»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ያልጠየቀችኝን መለስኩላት፤ በአንገትሽ የምታፍሪ መስሎኝ ነው፣ እንዳይታይብሽ ብዬ ነው ከአበባ ጀርባ ያቆምኩሽ አልኩ። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ አሳየችኝ። በዚህ አንገት ሃያ ዓመት ሱቅ ተቀምጣ እንደነገደች፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደሚያውቀው፣ የምትሸፍነው ብርድ ሲነካው ስለሚቆረጥማት እንጂ ማንንም አፍራ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ዓይኗ በተከፈተው በር አልፎ ሳሎን ግድግዳ ላይ አረፈ።

«አባትሽን ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሬው ኖሬያለሁ» አለች። «ስንት ዓይነት ፊት ነበረው። ያ ነገር ከተሰቀለ ወዲህ ግን ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ ማኅተሙ ነው። እኔንም እንደዚያ ልትሰቅይኝ ነው?»

«ብትሞቺብኝስ?» አልኳት።

ስንት ሳምንት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያራወጠኝ ነገር ይኼው ነበር፤ ሲወጣ ሁለት ቃል እንኳ አልሞላም። እናቴ አልደነገጠችም።

«ከሞትኩ መታወቂያዬ መሳቢያ ውስጥ አለልሽ» አለች። «እስከዚያ ግን አለሁ። ተይኝ።»

መቀሱን ይዛ ገባች። እኔ ካሜራው አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ቆሜ ቀረሁ። ቆይቼ ማዳበሪያውን እየጎተትኩ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወሰድኩት። እሾሁ ከረጢቱን እየበሳ በየእርምጃው ቅልጥሜን ወጋኝ፤ ደም እስኪወጣኝ ድረስ ወደ ሌላው ጎኔ አልቀየርኩትም።

ሰኞ ሆስፒታል ውስጥ ከተቀመጥኩበት የቆምኩት ይበልጣል። ኮሪደሩን ስመላለስ ጥበቃው ሁለት ጊዜ ቁጭ በይ አለኝ፤ በሦስተኛው ተጣላን። እሷን ካስገቧት በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ፊቷን ለማምጣት ሞከርኩ። የመጣው መታወቂያው ነው። በሐምራዊ ማኅተም የተሸፈነ ግንባር። ሳምንታት ሙሉ ያንን ፎቶ በፍርሃት ሳስብ ኖሬ እኔ ራሴ አትሜዋለሁ ለካ። ገና በሕይወት አለች፣ ከበሩ ወዲያ ነች፣ እኔ ግን ከአሁኑ ፊቷን አጥቼዋለሁ። ዓይኔን ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል። እንደገና ጨፈንኩ፣ ግድግዳውን ተደግፌ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ እናቴ ቧንቧው ጋ ቆማ መቀሱን በቀሚሷ ስታደርቅ መጣችልኝ። ያንን ማንም አላነሳውም። እዚያ ላይ ሆኜ ጠበቅኩ።

ከአራት ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ በደህና አልቋል አለን። እንቅርቱ መጥፎ ነገር እንደሌለበት ደግሞ በኋላ ተነገረን። ድምፅዋ ግን ጠፋ። የድምፅ ጅማቷ ስለተነካካ ለጊዜው ነው፣ ይመለሳል ተባልን። እስከዚያው የምትናገረው በሹክሹክታ ብቻ ነበር። ስንት ዓመት ከሱቅ ውስጥ ሆና ማዶ ያለውን ሰው የምትጠራ ሴት አሁን ውኃ ስትፈልግ ብርጭቆውን በማንኪያ ትመታለች። ጎረቤታችን በየቀኑ እየመጡ አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ጀሪካኖቹንም ውኃ ያጠጣሉ። እኔ ካሜራውን ለፎቶ ቤቱ መለስኩ።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል፣ አንድ እሑድ ጠዋት፣ ግቢ ውስጥ ልብስ ሳሰጣ ጎንደል ባለው የባኞ ጠርዝ ላይ በማንኪያ ሲመታ ሰማሁ። እናቴ በርጩማዋን አውጥታ ጉቶዎቹ አጠገብ ተቀምጣለች። ጉቶዎቹ አቆጥቁጠዋል፤ ጣት የሚያካክሉ፣ ቅጠላቸው ገና ቀላ ያለ ቡቃያዎች። አበባ የለም፣ እንቡጥም የለም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭኗ ላይ አጣጥፋዋለች። አንገቷ ባዶ ነው፤ ከታች ከአጥንቷ ከፍ ብሎ ቀጭን ሮዝ መስመር ይታያል።

ካሜራሽስ አለችኝ በሹክሹክታ። መለስኩት አልኳት። ስልክ የለሽም ወይ በሚል ዓይን አየችኝ።

ስልኬን አወጣሁ። ስልክ ላይ ደግሞ በጣት የነኩት ቦታ ነው የሚጠራው። ጣቴን የአንገቷ ጠባሳ ላይ አሳረፍኩ፤ አንስቼ ዓይኗ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ ቀይዋ ቡቃያ ላይ፤ ተመልሼ ጠባሳው ላይ። እሷ ንቅንቅ አትልም፤ ቀጥ ብላ ታየኛለች። የምንቀጠቀጠው እኔ ነኝ።

«ርጊ» አለችኝ።

ተንፍሼ ተጫንኩ። ሁሉም ጠርቶ ወጣ፤ ዓይኗም፣ ጠባሳውም፣ ቡቃያዋም፣ ከኋላ የተሰጣው የኔ ሹራብ ሳይቀር። ከዚያ ርቀት በስልክ ማንኛውም ነገር ይጠራል፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ስክሪኑን ወስጄ አሳየኋት። ጠባሳዋን በጣቷ ሰፋ አድርጋ አየችው። አጥፊው ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ክንዴን ይዛ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋችው።

«እንዳታሳድጊያት» አለች። «ቦርሳሽ ውስጥ የምትገባ አርጊያት።»

በማግስቱ ሥራዬን ስጨርስ የእናቴን ፎቶ ማተሚያው ላይ ከፈትኩት። ማሽኑ መጠን ምረጪ ይላል። ስንት ዓመት ስጫነው የኖርኩት ትልቁን ነው። ያን ቀን ትንሿን፣ ሦስት በአራቷን ነካሁ። ገና እንደሞቀች ወጣች። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ታክሲው ውስጥ ግን አላስቻለኝም፣ አወጣኋት። መቼ ማልቀስ እንደጀመርኩ አላውቅም።

አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እጄ ላይ ያለችውን ፎቶ አዩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ።

«እናትሽ ናቸው? ነፍስ ይማር፣ ልጄ። መቼ ነው ያረፉት?»

«አላረፈችም» አልኳቸው። «ቤት ናት።»

ታክሲው ማዞሪያው ሳይደርስ መኪና ተጨናንቆ ቆሞ ነበር። ወራጅ አለ አልኩ። ቀሪውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት፤ ሮጥኩት ብል ይሻላል።